በረዶው ላይ ያለችው ሳንቲም

የታሪፍ ኃላፊው ወድቆ የተገኘው ማንም "ቤቴ" ብሎ በማይጠራው ቤት ውስጥ፣ ከፍሪጁ ሥር ነው። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም። ይነቃል ወይ ብለን ስንጠይቅ ሐኪሙ "እኔ እንጃ" ብሎ በሩን ዘጋብን።

እኔ ከቦታው የደረስኩት ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን በቁሙ በሚያስተኛበት ሰዓት ነው። ባልደረቦቼ "ኢንስፔክተር እንቅልፉ" ይሉኛል። የዓይኔ ቆብ ሲፈጥረው ከብዶ ነው እንጂ እንቅልፋም ሆኜ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነኝ። ረዳቴ ሳጅን ደግሞ "ጥድፊያ" ይባላል፤ የእሱ ስም ማብራሪያ አያሻውም። እኔ የመኪናውን በር ሳልዘጋ እሱ አንዲት ሴት ይዞ ጨርሶ ነበር።

"አለቃ፣ ጉዳዩ አልቋል!" አለኝ። "እጅ ከፍንጅ ነው። ዘበኛው ሲገባ ኃላፊውን አቅፋ ነበር፣ ቀሚሷ ደም በደም ሆኗል። የቤቱ ቁልፍ ያለው እሷና እሱ ዘንድ ብቻ ነው፤ የእሱ ደግሞ ከኪሱ አልወጣም።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አልኩት። "መጀመሪያ ቤቱን አሳየኝ።"

መሥሪያ ቤቱ የመብራት ዋጋ የሚወሰንበት ነው። መካከሉ ላይ ጣሪያው መስታወት የሆነ ሰፊ አዳራሽ አለ። ከአዳራሹ አንድ ጥግ፣ ጀርባውን ለቢሮዎቹ ግድግዳ ሰጥቶ፣ ቤት ቆሟል። አዎ፣ ቤት ውስጥ ቤት። አንድ ክፍል ነው፤ ጠባብ አልጋ፣ በሩ በደንብ የማይገጥም አሮጌ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ ቴሌቪዥን አለው። ገመዶቹ ሁሉ ከተሰኩበት እንዳይነቀሉ በማኅተም ታሽገዋል። ቆጣሪውና መብራቱን የሚያቋርጠው ብሬከር ከአልጋው ራስጌ ተሰቅለዋል። ከመስኮቱ መስታወት ጀርባ ሰማይ የተሳለበት ሸራ ተወጥሯል፤ ሁለት ነጫጭ ደመናዎች አሉት። ሥዕል መሆናቸውን እያወቅሁ፣ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ብዬ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

"አለቃ!" አለ ጥድፊያ።

ነቃሁ። ፍሪጁን ከፈትኩ። ወተት፣ ቲማቲም፣ ከኋላ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ። ከላይ፣ ከበረዶ ቤቱ ውስጥ፣ አንድ የፕላስቲክ ብርጭቆ ሙሉ በረዶ ተቀምጧል፤ ከብርጭቆው ግርጌ፣ ከበረዶው ሥር፣ አንዲት ሳንቲም ተጣብቃለች። ሳንቲም እዚህ ምን ትሠራለች ብዬ ሳልጨርስ ጥድፊያ ጠርሙሷን መንጭቆ "መርዝ!" አለና ይዟት ሮጠ።

ያኔ ሊቀመንበሩ ራሳቸው መጡ። ሽበታቸው የሚያምር፣ ድምፃቸው የሚያባብል ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ" ሲሉኝ ወደድኳቸው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ የሚለኝ ጠፍቷል።

"ይህ የትንሹ ደንበኛ የናሙና ቤት ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ትንሽ ደንበኛ ማለት ፋብሪካ የሌለው፣ አምፖልና ፍሪጅ ያለው ሰው ነው። ኩባንያው ወጪዬ ናረ ይላል፤ ሕዝቡ ኪሴ ሳሳ ይላል። እኛ መካከል ቁጭ ብለን ዋጋውን ሁለት እርከን እናደርገዋለን። ለመኖር ግድ የሆነው በርካሽ፣ ከዚያ የዘለለው በውድ።"

"ግድ የሆነው የቱን ያህል እንደሆነ በምን ታውቁታላችሁ?"

"በግምትማ አይሆንም። ዋጋ በሚከለስበት ዓመት አንዲት ሴት ቀጥረን እዚህ እናኖራታለን። ታበስላለች፣ ትተኩሳለች፣ ታድራለች። ከምሳ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ወጥታ ጉዳይዋን ፈጽማ ስትመለስ ይመሻል። ቆጣሪው የቆጠረላት የርካሹ እርከን ጣሪያ ይሆናል። መስመሩ ለብቻው ነው፤ ከተማው ቢጨልም እዚህ መብራት አይጠፋም። ለዚህም ነው ልኬታችን የሚታመነው።"

"ዛሬ ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?"

"ከጠረጴዛዬ አልተነሳሁም። ነገ ማታ ዋጋው ይታወጃል አይደል?" አሉና ወደ አልጋው አየት አድርገው ተነፈሱ። "ምስኪን ልጅ። ጎበዝ ሠራተኛዬ ነበር።"

ገና ላልሞተ ሰው "ነበር" ማለታቸው ጆሮዬን ቆረቆረኝ። ቢሆንም ሰው ሲደነግጥ ብዙ ይላል ብዬ አለፍኩት።

* * *

በመሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም "ደንበኛዋ" ይላታል። ጣቢያ ውስጥ ከፊቴ ስትቀመጥ ደሙ ቀሚሷ ላይ ደርቆ ነበር።

"ዛሬ ቀደም ብዬ ከውጪ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት" አለች። "ቀና ላደርገው ስል ነው ደሙ የነካኝ።"

"ከዚያ ቤት ምን ይሠራ ነበር?"

ቀሚሷ ላይ የደረቀውን ደም በጥፍሯ ፋቀች።

"ጠርሙሷስ የማን ናት?"

ሆድ ይፍጀው ብላ የቆረጠች ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እሷ እንደዚያ ሆነች። ደግሞ ድንገት ፈረሰች።

"ጌታዬ፣ ልጄ ሐኪም ቤት ተኝታለች። አባት የላትም። በየቀኑ ከሰዓት የምወጣው እሷ ጋ ነው፣ ማታ ማታም ደጋግሜ እደውልላታለሁ። እባክህ አንድ ጊዜ ልያት፤ ከዚያ ብትፈልግ ዕድሜ ልኬን እሰረኝ።"

አንጀቴን በላችው። ግን በደም የተነከረ ተጠርጣሪ ለቅቄ የምልክበት ሕግ የለኝም። "ሰውዬው ከሞተ ክሱ ግድያ ነው፣ እህቴ" አልኳት። "ልጅሽን የምታያት ከተናገርሽ ብቻ ነው።"

"ደግ ሰው ነው" አለች ወደ መሬት እያየች። "ቃል ገብቼለታለሁ።"

ጥድፊያ ከላብራቶሪ ተመለሰ። መርዝ አልነበረም። የልጅ መድኃኒት ነው፤ ከቅዝቃዜ ከወጣ የሚበላሽ ዓይነት፣ ደግሞም ተበላሽቷል። የተሸነፈ መስሎኝ ነበር። ምን በወጣው!

"በቃ ምክንያቱ ተገኘ!" አለ። "የልጇን መድኃኒት ኃላፊው አበላሸባት፤ ብድሯን መለሰች። እናት ናት አለቃ!"

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስኬድ ሐሳብ ነበር። ያም አስከፋኝ።

ሐኪም ቤት ደወልኩ። ነርሷ ልጅቷ እናቷ ቀደም ብላ ከወጣች ጀምሮ መርፌ እምቢ ማለቷን ነገረችኝ። "እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ትደብቃለች። 'ሳንቲም፣ ሳንቲም' ትላለች። ሳንቲም ሰጠናት፣ ወረወረችው። ነገ ካልወሰደች ያሰጋል፣ ኢንስፔክተር። በጉልበትም ሞክረን ነበር፣ ልቧ ሊቆም ምንም አልቀረውም።"

* * *

ከናሙናው ቤት በር እስከ ሊቀመንበሩ ቢሮ ያለው ኮሪደር ሽቶ ሸትቶኝ ነበር። ሽቶውን ተከትዬ የመብራት ኩባንያው ተወካይ ዘንድ ደረስኩ። ሰውዬው ከነሽቶው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ብርዱ ደስ ብሎኝ ዓይኔ ክድን ክድን አለ።

"የናሙናው ቤት ጥቂት መብራት ከፈጀ የርካሹ እርከን ጣሪያ ዝቅ ይላል" አልኩት። "ያኔ ብዙ ሰው ወደ ውዱ ይገባል። እናንተም ትጠቀማላችሁ።"

"እንጠቀማለን። ታዲያ ምን ቆርጦኝ ሰው እፈነክታለሁ? እኛ ሰው የምንጎዳው በስብሰባ ነው፣ ኢንስፔክተር።"

ሳቅሁ። "ኮሪደሩ ላይ ምን ትሠራ ነበር?"

"ሊቀመንበሩን ፈልጌ። አንኳኳሁ፣ አልከፈቱም።"

"ከጠረጴዛዬ አልተነሳሁም ብለዋል እኮ።"

ተቁነጠነጠ። "የትልቅ ሰው ገመና ማውጣት ነውር ነው… ማንኮራፋት ሰማሁ። እየራቀ እየቀረበ፣ ከግድግዳ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። አዲስ ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ እሳቸውን ማግኘት ዘበት ነው።"

አንድ ሽማግሌ ከምሳ በኋላ ሸለብ ቢያደርገው የምፈርድበት እኔ ነኝ እንዴ? እንዲያውም ልቤ ወደ እሳቸው አዘነበለ። በዚህች ከተማ የሚገባኝ ሰው ተገኘ አልኩ።

* * *

ቤቴ ስገባ ታላቅ እህቴ ፍሪጁን ትሰካለች። ከምሳ እስከ ምሽት መንቀል ልማዷ ነው፤ ካልነቀለች እርከኑን እናልፋለን። ሁለታችንም አላገባንም፣ እሷ እኔን ታስተዳድራለች።

"ይህን እርከን ያወጣ ሰው ፍሪጅ የለውም እንዴ?" አለች እንደ ሁልጊዜዋ። "አንድ ፍሪጅ ሙሉ ቀን ካበራህ አለፍክ። ጎረቤት ሁሉ ከሰዓት ከሰዓት ነቅሎ ነው የሚውል። ወተቱ ዛሬም ሄደ።"

"መብራት ጠፍቶ ይሆናል።"

"አንተ ደግሞ! ነቅዬው እኮ ነው። ባልነቅለውም ቢሆን አውቅ ነበር።" ከበረዶ ቤቱ አንድ ብርጭቆ አወጣችና ከአፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። በረዶ ነው። ከበረዶው ሥር ሳንቲም። "እንዲህ ከታች ስታያት፣ በረዶው ቀልጦ ሰጥማ፣ ተመልሶ ጋግሮባታል ማለት ነው። ከላይ ቁጭ ካለች ግን መብራቱ አልተቋረጠም፣ ምግቡም ደህና ነው። ይህን የማያውቅ የቤት እመቤት የለም። ምነው፣ ፊትህ እንዲህ ሆነ?"

የያዝኩትን ማንኪያ አስቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ እዚህ መብራት አይጠፋም ብለውኝ ነበር። እዚያ ግን ሳንቲሟ ታች ናት።

ወዲያው ለነርሷ ደወልኩ። ከክፍላቸው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንድታረጋልኝ፣ ሲረጋም ሳንቲም ከላዩ እንድታስቀምጥ ለመንኳት። አብደሃል አላለችኝም፤ ዝም ብላ "እሺ" አለች።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ደንበኛዋን አስጠራሁና፣ "ሳንቲሟ ታች ናት፣ እህቴ" አልኳት።

ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

"እኛ ሰፈር መብራት አይረጋም። የልጄን መድኃኒት በየቀኑ ሳንቲም እያየሁ ነበር የምሰጣት። ጠዋት ጠዋት 'ላይ ናት ታች?' ትለኛለች፣ 'ላይ' ካልኳት እጇን ትሰጠኛለች። እዚህ ስቀጠር መብራት የማይጠፋበት ቤት አገኘሁ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። የውጪ ዕቃ ማስገባት ክልክል ነው፤ ኃላፊውን ለመንኩት፣ አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ። ከቤቱ እየወሰድኩ ሰጠኋት። እዚህማ ምን ይጠፋል ብዬ ሳንቲሟን ተውኳት። ልጄ ግን ከቀን ወደ ቀን ደከመች።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሐኪም ቤት ስትገባ ነው ልቤ የተጠራጠረው፤ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ማታ ስመለስ ሰጥማለች። ለኃላፊው ነገርኩት። 'ማን እንደሚያጠፋው ራሴ እይዘዋለሁ፤ እስከዚያ ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ልኬቱ ሁሉ ሊበላሽ ነው' አለኝ። ትናንት ልቤ አልረጋ ብሎኝ ቶሎ ተመለስኩ። ከተናገርኩ መድኃኒቱን በመፍቀዱ ከሥራ ይባረራል። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።"

"ሌላ ያየሽው ነገር የለም?"

አመነታች። "ትስቅብኛለህ። ማታ ስመለስ ትራሱ ይሞቃል። አንዳንዴ ሌላ ሰው በሕልሙ እኔን ሆኖ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።"

አልሳቅሁም።

* * *

ከምሳ በኋላ ብቻዬን ወደዚያ ቤት ገባሁና አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ጥድፊያ በሩ ላይ ሆኖ "አሁን ደግሞ ሊተኛ ነው!" ሲል ሰማሁት። ልክ ነው፣ ላስብ የምችለው እንዲያ ነው።

ከአዳራሹ የመስታወት ጣሪያ ወርዶ በበሩ የሚገባው ብርሃን ክፍሉን እንደ ማር አድርጎታል። ደመናዎቹ ከመስኮቱ ወዲያ ቆመዋል። ዓይኔ ተከደነ። ልክ ልሰጥም ስል ፍሪጁ ገገገግ አለ። ተገላበጥኩ። ገገገግ። ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ገገገግ። ደሜ ፈላ! ተነስቼ እንዳልነቅለው ታሽጓል። ዓይኔን ሳልገልጥ እጄን ወደ ራስጌ ሰደድኩና ብሬከሩን ቀጭ አደረግሁት።

ጸጥታ ሆነ። እንዴት ያለ ጸጥታ! ሰውነቴ ሁሉ አመሰገነኝ። ያኔ ነው ዓይኔ የተገለጠው።

ከአልጋው ሳልነሳ፣ ሳላይ፣ እጄ ደርሶበታል። መብራቱን ሲያጠፋ የከረመው ሰው የኩባንያውን ትርፍ አላሰበም፣ ቆጣሪውንም አላሰበም። መተኛት ፈልጎ ነው።

ከሥዕሉ ሰማይ ጀርባ ደግሞ የሰው ሳል ተሰማኝ።

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ያለ ድምፅ ተከፈተ፣ ማጠፊያው ዘይት ተቀብቷል። ሸራውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ መጋረጃ ተገለጠ። ከሰማዩ ወዲያ ግድግዳ አልነበረም። ኮት መስቀያ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ሊቀመንበሩ ተቀምጠው ያዩኛል።

"ና ግባ፣ ልጄ" አሉ በቀስታ። "ዛሬ እኔም አልተኛሁም።"

በመስኮቱ ተሻግሬ ገባሁ። ከፊታቸው ለማታው የተዘጋጀው አዋጅ ተዘርግቷል።

"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" አሉ። "ያቺን ክፍል እንዲህ እንዲሠሯት ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ስንጋባ የነበረችንን ክፍል ነው የምትመስል። አልጋውም፣ መስኮቱም። አንድ ቀን ሹልክ ብዬ ጋደም አልኩ፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ። የሚረብሸኝ ያ ፍሪጅ ብቻ ነበር።"

"ኃላፊው ሲመጣስ?"

"ቀሰቀሰኝ። 'እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሼ?' አለኝ። ነገሩን ለሁሉም ልናገር ነው ብሎ ሲዞር እጁን ያዝኩት፤ ልለምነው ብዬ ነው። መንጭቆኝ ሲሄድ ሸርተት አለና ከፍሪጁ ጠርዝ ጋር…" ዓይናቸው ቦዘዘ። "ብሬከሩን መለስኩና በመስኮቱ ወጣሁ። ለምን እንደመለስኩት አላውቅም። ልማድ ነው።"

"እሱን ደሙ እየፈሰሰ ትተው፣ እሷ ስትታሰር ደግሞ ዝም አሉ።"

"ሲነቃ ይናገራል ብዬ…"

"ባይነቃስ?"

ዓይናቸውን ወደ አዋጁ መለሱ።

"ከእሷ ፍሪጅ ውስጥ የልጇ መድኃኒት ነበር" አልኩ። "በእርስዎ እንቅልፍ ተበላሸ። ልጅቷ ሐኪም ቤት ናት።"

"የትኛዋ ልጅ?" አሉ። ቅስማቸው ሲሰበር በዓይኔ አየሁ፤ በእውነት አያውቁም ነበር። እንድጠላቸው ብሞክርም ልቤ እምቢ አለኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

"ባለፈው ክለሳም እዚህ ይተኙ ነበር?"

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

"ጋሼ፣ እኔ ቤት ፍሪጅ ከምሳ እስከ ምሽት ይነቀላል። የጎረቤቴም፣ የከተማው ሁሉ። እርስዎ ለመተኛት መብራቱን ሲያጠፉ፣ ቆጣሪው የጎደለውን ልክ ለትንሹ ሰው የሚበቃው ይህ ነው ብሎ ጻፈው። ይኸው ስንት ዓመት ወተት እንደፋለን።"

አዋጁን አጠፉትና ለእኔ ሰጡኝ። "አይነበብም" አሉ። "እንደገና ይለካ። እጄን እንካ።" እጃቸውን አላሰርኩም፤ ደግፌ አወጣኋቸው።

* * *

ጥድፊያን የባረክሁት ያን ቀን ነው። ደንበኛዋንና እኔን ጭኖ ከተማውን በአፍታ አቋረጠው። መንገድ ላይ አንዴ ብቻ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "እህቴ፣ ይቅር በይኝ" አላት። እሷ አልሰማችውም፤ በመስኮቱ ውጪውን ታያለች።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ፣ እዚያው ላይኛው ፎቅ የተኛው ኃላፊ ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠይቋል ተባልን። እሷ "ተመስገን" አለችና ሩጫዋን ቀጠለች።

ልጅቷ ግድግዳውን ዞራ ተኝታለች፤ ፊቷ ከትራሱ ጋር ይመሳሰላል። እጆቿ ከብርድ ልብሱ ሥር ናቸው። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ቆማለች። እናትየው አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጸጉሯን ዳሰሰቻት።

ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ በእንቅልፍ ድምፅ፣ "እማዬ፣ ላይ ናት ታች?" አለች።

እናትየው ደንግጣ አየችኝ። ልጇን በዚህ ነገር ዋሽታት አታውቅም፤ አሁንም ልትዋሽ አትፈልግም። ነርሷ ወደ ፍሪጁ ሄዳ ብርጭቆውን አመጣችና ሰጠቻት። ከላይ፣ በረዶው ላይ፣ ሳንቲሟ እንደተቀመጠች አለች። እናትየው ብርጭቆውን ወደ ልጇ ፊት አቀረበች።

"ላይ ናት፣ የኔ ዓለም" አለች። "እይ፣ ላይ ናት።"

ልጅቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየች። ከዚያ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ዘረጋች።